ባዶ እግሩን የሮጠውን ጀግና ቀድሞ ያየ ዓይን

አጥቂ መምረጥ ብዙም አያስቸግርም፤ ጎል ይቆጠራል። ጭንቁ ተከላካይ ሲመረጥ ነው። ጎበዝ ተከላካይ ዘጠናውን ደቂቃ ምንም ያልሠራ መስሎ ከሜዳ ሊወጣ ይችላል፤ ቀድሞ ቦታውን ስለያዘ አደጋው ሳይፈጠር ቀርቷላ! ተመልካቹ የሚያጨበጭበው ተንሸራቶ ኳስ ለሚያወጣው ነው። ልጅ የሚመርጥ ሰው ግን መጠየቅ ያለበት፣ መጀመሪያ ለምን መንሸራተት እንዳስፈለገው ነው።

የረዥም ርቀት ሯጭ ምርጫም ከዚህ አይለይም። ከአሰላ እስከ ቦቆጂ፣ ከኢተያ እስከ አርቦዬ የሚሮጥ ልጅ ሞልቷል። ሁሉም ቀጭን ነው፣ ሁሉም ደጋ ላይ ያደገ ነው። ከመቶው አንዱን ነጥሎ ማውጣት ነው ሥራው። ለኢትዮጵያ ይህን ሥራ ቀድመው ከጀመሩት አንዱ ታዲያ የአርሲም የሸዋም ሰው አልነበሩም። በረዶ አገር ተወልደው ወደ አዲስ አበባ የመጡት ሜጀር ኦኒ ኒስካነን ናቸው። ስማቸው ሁልጊዜ ከአበበ ቢቂላ ስም ኋላ ይመጣል። የእሳቸው ሕይወት ግን የአንድ ሯጭ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የምርጫ ታሪክ ነው። ማን ይግባ? ማን ይቅር? መቼስ በቃህ ይባል?

ከበረዶ ወደ ክብር ዘበኛ

ኒስካነን እ.ኤ.አ በ1910 ፊንላንድ ውስጥ ተወለዱ። ያደጉት ስዊድን ነው። ፊንላንድ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተዋጋች ጊዜ በፈቃዳቸው ዘምተዋል። ወታደርነትና ስፖርት በእሳቸው ሕይወት የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1946 ነው። ከጣሊያን ወረራ ከወጣች አምስት ዓመት የሆናት አገር ሠራዊቷን እንደ አዲስ ታቋቁም ነበር። ስዊድኖች በዚያን ጊዜ ብዙ ቦታ ነበሩ፤ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይሉን የሚያሠለጥኑት እነሱ ናቸው፣ የክብር ዘበኛ እጩ መኮንኖችን የሚያስተምሩትም እነሱ ናቸው። ኋላ ላይ በ1967 አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ አርሲዎች ካዱ የሚሉት ማለት ነው፣ በስዊድን እርዳታ የተከፈተ ነው። አርሲ ስዊድንን በስንዴና በላም ሲያውቃት፣ የቀረው ኢትዮጵያዊ በሩጫ አወቃት።

የኒስካነን ድርሻ የሰውነት ማጎልመሻ ነበር። ከወታደሮቹ ጋር ሲውሉ ታዲያ አንድ ነገር ዓይናቸው ውስጥ ገባ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። አውሮፓዊው ትንፋሽ በሚያጥረው አየር እነዚህ ልጆች ሰልፍ ወጥተው፣ ዘብ ቆመው፣ ማታ ደግሞ ይሮጣሉ። ዛሬ ይህን ማንም ያውቀዋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግን የኦሎምፒክ ማራቶንን ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ሰው ያሸንፋል ብሎ የሚያስብ የሩጫ ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነበር።

የሜልቦርን ትምህርት

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1956 በሜልቦርን ነው። ሯጮችና ብስክሌተኞች ሄዱ፤ ሜዳሊያ ሳይዙ ተመለሱ።

ከሯጮቹ መካከል አንድ ወጣት ነበር። በ800 ሜትር ገባ፣ ከማጣሪያ አላለፈም። በ1,500 ሜትር ገባ፣ እዚያም አላለፈም። ሁለቱንም ማጣሪያ የጨረሰው ከኋላ ነው። ለዱላ ቅብብልም ተሰልፏል። ለዛሬ መራጭ ይህ ልጅ አብቅቶለታል፤ ሦስት ዕድል ተሰጥቶት በሦስቱም አልሆነለትም።

ልጁ ማሞ ወልዴ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ የማራቶን ወርቅ የሚያጠልቀው ማሞ! ስህተቱ ከልጁ አልነበረም፤ የተሰለፈበት ቦታ ነው ያልገጠመው። የመሐል ተከላካዩን ክንፍ ላይ አሰልፎ ፍጥነት የለውም ብሎ እንደማሰናበት ያለ ነው። በኒስካነን ዘመን የኢትዮጵያ ሩጫ የተማረው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፦ ሯጩን ከመጣልህ በፊት ርቀቱን መርምር።

የዋሚና የአበበ ነገር

በዚያ ሰሞን የኢትዮጵያ ሩጫ ንጉሥ ዋሚ ቢራቱ ነው። የ5,000ና የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን በእጁ ነበር። በ1956 የጦር ኃይሎች ሻምፒዮና ላይ ዋሚን ተከትሎ የገባው ደግሞ ብዙም የማይታወቅ የክብር ዘበኛ ወታደር ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ የምትባል ቦታ የተወለደው አበበ ቢቂላ።

አንደኛውን ሁሉም ያየዋል። መራጭ የሚፈተነው በሁለተኛው ነው። ሁለተኛው የወጣው አቅሙ እዚያ ስላበቃ ነው ወይስ ገና ስላልተነካ? ኒስካነን አበበን ወደ ልምምዳቸው አስገቡት። ሥራው የዋዛ አልነበረም። በ1,500 ሜትር እየቆራረጡ በሰዓት የሚለካ ፈጣን ሩጫ አለ፤ አገር ቋራጭ ረዥም ሩጫ አለ፤ በጫማም ያለ ጫማም ይሮጣል። ሁሉም በሰዓት ይለካል። ስሜት ሳይሆን ሰዓት ነው የሚናገረው።

የኳስ አፍቃሪው በጣም የሚወዳት አንዲት ወሬ አለች። ዋሚ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረና አበበ አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል በመጨረሻዋ ደቂቃ ተተክቶ ሄደ፤ አንዲት የኳስ ጨዋታ የአፍሪካን ታሪክ ቀየረች የምትል። ወሬዋ ጣፋጭ ናት፤ ዓለምን ዞራለች። ችግሯ የዚያን ክረምት ሰዓቶች መርሳቷ ነው። አበበ በሐምሌ 1960 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን አሸነፈ። ከወር በኋላ ደገመና በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ታላቁ ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ያስመዘገበው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3.2 ሰከንድ ነበር። ልብ በሉ፤ ዛቶፔክ የሮጠው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው፣ አበበ የሮጠው አዲስ አበባ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት በእጁ የያዘ ሯጭ እንዴት ተብሎ የመጨረሻ ደቂቃ ተተኪ ይሆናል?

ወሬዋ የምትጎዳው ሁለቱንም ሰዎች ነው። አበበን ዕድለኛ ብቻ ታደርገዋለች፤ ኒስካነንን ደግሞ አጋጣሚ የታዘዘለት ሰው። እውነቱ ለዓመታት ሲለካ የኖረ ምርጫ ነው። ዋጋም ነበረው፤ ማራቶኑን ሁለት አበበዎች፣ ቢቂላና ዋቅጅራ፣ ሲሮጡ ለዓመታት አገር ያወቀው ዋሚ በሮም ማራቶን ሳይሰለፍ ቀረ። ትልቅ ምርጫ ሲደረግ ትልቅ ሰው ውጪ ይቀራል፤ ይህን የማይችል ሰው መራጭ አይሆንም።

ሮም፦ 26 ቁጥር የት ገባ?

መስከረም 10 ቀን 1960 አመሻሽ። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው አበበ በባዶ እግሩ መስመሩ ላይ ቆመ። ያለ ጫማ መሮጥ ደግሞ ሲለማመደው የኖረው ነገር ነው።

ኒስካነን ተፎካካሪዎቹን አጥንተው ነበር። በተለይ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጠብቀው ብለውታል፤ ቁጥሩ 26 ነው። አበበ ተነስቶ 26ን መፈለግ ጀመረ። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ 26 የለም። አጠገቡ 185 የለበሰ አንድ ሰው አለ፤ ይህ ሰው አልላቀቅ ብሏል። አበበ 26 ገና ከፊት ነው ብሎ ይገሰግሳል። ለካ 185 ለባሹ ራሱ ራዲ ነው! የማራቶን ቁጥሩን ሳይወስድ የ10,000 ሜትሩን ለብሶ ነው የመጣው። የአሠልጣኙ መረጃ ተሳሳተ፣ ሯጩ ግን አልተሳሳተም። እንዲያውም ስህተቱ ጠቀመ፤ የሌለ ሰው እያሳደደ ሌላውን ሁሉ ጥሎ ሄደ።

መንገዱን ቀድመው ሲያዩት የልባቸውን ቦታ አግኝተው ነበር። ጣሊያን ከአክሱም ነቅላ የወሰደችው ሐውልት ከመጨረሻው መስመር ብዙ ሳይርቅ ቆሟል። አበበ እዚያ ጋ ሲደርስ ነው ፍጥነቱን ለቅቆ ራዲን የተለየው። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ተከተለ። አበበ ዋቅጅራ ደግሞ ሰባተኛ ወጣ። ከሁለት የተመረጡ ሯጮች አንዱ ወርቅ፣ አንዱ ሰባተኛ። መራጩ አልተሳሳቱም።

ከግርግሩ በኋላ

ከሦስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1960፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ። ሯጮቹ የሚወጡበት ክፍል ራሱ ተመታ። የኦሎምፒኩ ጀግና አበበም ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተለቀቀ። ለዓመታት የተገነባው ሁሉ በአንድ ሳምንት ሊጠፋ ይችል ነበር።

አልጠፋም። አበበ በ1961 አቴንስ፣ ኦሳካና ኮሺትሴ ላይ አሸነፈ። በ1963 ቦስተን ላይ አምስተኛ ሲሆን ብዙዎች አለቀለት አሉ። ከቶኪዮ ኦሎምፒክ አምስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ደግሞ ትርፍ አንጀቱ ታመመና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወረቀት የሚያይ መራጭ ስሙን ይሰርዛል። ስሙ አልተሰረዘም። ጥቅምት 21 ቀን 1964 ቶኪዮ ላይ፣ አሁን ጫማ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሌላ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ሁለተኛው እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው የገባው። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው አበበ ሆነ።

የምርጫ መራራው ክፍል የመጣው በ1968 ሜክሲኮ ላይ ነው። አበበ እግሩን ታሞ ተነሳ። ለሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ማን ነው አትሮጥም የሚለው? 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ወጣ። በአበበ ፋንታ ግን ባንዲራዋን ያስቀጠለ ሰው እዚያው ነበር። ከ12 ዓመት በፊት በሜልቦርን ከማጣሪያ የወደቀው ማሞ ወልዴ! በቶኪዮ 10,000 ሜትር አራተኛ ወጥቶ፣ ማራቶኑን ደግሞ አቋርጦ የነበረው ማሞ፣ ሜክሲኮ ላይ በ10,000 ሜትር ብር ወስዶ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ አሸነፈ። ዕድሜው 36 ነበር። በ40 ዓመቱ ደግሞ ሙኒክ ላይ ነሐስ ጨመረ። ሦስት ተከታታይ ኦሎምፒክ፣ ሦስት የማራቶን ወርቅ፣ ሁለት ሰው።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ልብ ይሰብራል። በመጋቢት 1969 አበበ የሚያሽከረክራት ቮልስ ተገለበጠችና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ታከመ፤ እዚያም ቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ጥቅምት 25 ቀን 1973 አረፈ። ገና 41 ዓመቱ ነበር።

አርሲ ሲነሳ

ኦኒ ኒስካነን በመጋቢት 1984 አረፉ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክን አልተካፈለችም። የምሩጽ ይፍጠርን የሞስኮ ድርብ ወርቅ አይተዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አላዩም፤ ያልታየው ደግሞ በአብዛኛው አርሲ ነው።

ቦቆጂ በ1992 ደራርቱ ቱሉን ወለደች፤ ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር። በ1996 ፋጡማ ሮባን አመጣች፤ አትላንታ ላይ ማራቶን። አሰላ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሰጠች። በ2000 ሲድኒ ላይ ደግሞ የኢተያው ገዛኸኝ አበራ የወንዶቹን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ከማሞ ወዲህ 32 ዓመት ተዘግቶ የነበረው በር ተከፈተ። ክብር ዘበኛ ውስጥ የተጀመረው ሥራ ወደ ደጋው መንደር ወረደ። ዛሬ አሰላ ላይ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። ሥራው ያው የኒስካነን ሥራ ነው፦ ከመቶው አንዱን ማግኘት።

ሥራው ግን ቀላል ሆኖ አያውቅም። ለ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ በወንዶች ማራቶን ታምራት ቶላ የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ታምራት ገባና በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። በ1960 በወሬ የተፈጠረው ተተኪ፣ ከ64 ዓመት በኋላ በእውን መጣ።

ተጠባባቂው ወርቅ የሚያመጣው ግን መጀመሪያ ተጠባባቂ አድርጎ የያዘው ሰው ካለ ነው። አበበ ከዋሚ ኋላ ሁለተኛ ሲገባ ጃንሆይ አላዩትም፣ ጋዜጣም አላየውም። ሰዓት የያዙ አንድ ስዊድናዊ ሜጀር ግን አይተውት ነበር።