ዘይቱ ያለቀበት ወጌሻ፦ የአምብሯዝ ፓሬ የሕይወት ታሪክ

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መለስ ብለን፣ ፈረንሳይ አገር ይኖር የነበረ የአንድ ሐኪም ታሪክ ነው። እኛ ሐኪም እንበለው እንጂ በዘመኑ የነበሩት ባለ ካባ ሐኪሞች ከእሱ ጋር እኩል መጠራቱን እንኳ ይጸየፉት ነበር። ስሙ አምብሯዝ ፓሬ ይባላል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓሬ የተወለደው በ1510 ገደማ፣ በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ላቫል ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ላቲን ቋንቋ ለመማር አልታደለም። በዚያን ጊዜ ደግሞ ላቲን የማያውቅ ሰው የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አይረግጥም። ስለዚህ በፀጉር ቆራጭነት ሙያ ሰልጣኝ ሆኖ ገባ።

ፀጉር ቆራጭነትና ሕክምናን ምን አገናኛቸው? ነገሩ እንዲህ ነው። በጊዜው የአውሮፓ ሕክምና ደረጃ በደረጃ የተከፋፈለ ነበር። ከላይ ያሉት የጥንቶቹን የነጋሌንን መጻሕፍት በላቲን የሚያነበንቡት ናቸው። እነዚህ ያዝዛሉ እንጂ እጃቸውን በደምና በመግል አይነክሩም። ከነሱ ዝቅ ብለው ቀዶ ጥገና የሚሠሩት አሉ። ከሁሉም በታች ያሉት ፀጉር ቆራጮቹ ናቸው፤ ጢም ይላጫሉ፣ ዋግምት እንደሚያደርጉት ደም ያወጣሉ፣ እባጭ ያፈርጣሉ፣ ቁስል ያስራሉ። ባጭሩ የእኛን አገር ወጌሻ ይመስላሉ። በእጁ የሚሠራን ሰው ዝቅ አድርጎ ማየት የአንድ አገር በሽታ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ፓሬ ፓሪስ ሄዶ ኦቴል ዲዮ በሚባለው ትልቅ የድሆች ሆስፒታል ሦስት ዓመት ያህል ሠራ። መጽሐፉ እዚያ የተኛው በሽተኛ ነበር። ከዚያም በ1537 ገደማ የፈረንሳይ ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ ከንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ጋር ሲዋጋ፣ ጦሩን ተከትሎ ወደ ኢጣልያ ቱሪን ዘመተ። ዕድሜው ሃያ ሰባት ቢሆን ነው። የጦርነት ቁስል አይቶ አያውቅም ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጠመንጃ ገና አዲስ መሣሪያ ስለነበረ ሐኪሞቹ በጥይት የቆሰለ ሰው በባሩድ ተመርዟል ብለው ያምኑ ነበር። ይህን የጻፈው ጆቫኒ ዳ ቪጎ የሚባል ስመ ጥር ኢጣልያዊ ሲሆን፣ መርዙን ለመግደል የፈላ ዘይት ቁስሉ ውስጥ ይፍሰስ ብሎ አዝዟል። እስቲ አስቡት! ጥይት ሥጋውን የበጣጠሰው ወታደር ላይ የሚንተከተክ ዘይት ሲጨመርበት! ፓሬ መጀመሪያ ሌሎቹ እንዴት እንደሚያደርጉ ጠየቀ። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። እሱም አደረገ።

ታዲያ የቁስለኛው ቁጥር በዛና ዘይቱ አለቀ። ፓሬ ምን ያድርግ? ቁስሉን ዝም ብሎ እንዳይተወው ብሎ የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ተርፐንታይን ቀላቀለና ያንን ቀባ። ማታ ግን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር አለ። ዘይት ያልፈሰሰባቸው ወታደሮች ሁሉ ተመርዘው አድረው ሬሳቸውን ነው የማገኘው ብሎ ፈራ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ሄደ። ያገኘው ግን ሌላ ነው። በቅባቱ የታከሙት ሕመማቸው ቀንሶ፣ ቁስላቸው ሳይቆጣ፣ ደህና ተኝተው አድረዋል። በመጽሐፉ ትእዛዝ በዘይት የተቃጠሉት ደግሞ ትኩሳት ይዟቸው፣ የቁስሉ ዙሪያ አብጦ፣ በስቃይ ላይ ናቸው። ፓሬ ከዚያን ቀን ጀምሮ የቆሰለን ሰው በዘይት ላለማቃጠል ወሰነ።

ስንቱ ሰው ነው ይህን አይቶ መጽሐፉ ሊሳሳት አይችልም ብሎ በማግስቱ ዘይት አስፈልጎ ያፈላ የነበረ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር፤ ፓሬ ሊያውቀው የማይችለው፣ የዛሬ ሳይንስ የደረሰበት ነው። በሥጋችን ውስጥ ብዙ ፕሮቲን አለ። ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ ቅንጣቶች እንደ ዶቃ የተሰኩበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ግን ተዘርግቶ አይቀመጥም፤ በተወሰነ ቅርጽ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ሥራውን የሚሠራውም በዚያ ቅርጹ ነው። ኃይለኛ ሙቀት ሲነካው መታጠፊያው ይፈታል። የእንቁላል ነጩን ክፍል መጥበሻ ላይ ስናፈሰው ከውሃማነት ወደ ነጭ ጠጣርነት የሚለወጠው ለዚህ ነው፤ የተፈቱት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ይጠላለፋሉና ተመልሶ ጥሬ አይሆንም። ክሪስቲያን አንፊንሰን የተባለ አሜሪካዊ ግን አንድ ፕሮቲን በኬሚካል ከተፈታ በኋላ፣ ሁኔታው ሲመቻችለት፣ ራሱ ተመልሶ ወደ ቅርጹ እንደሚታጠፍ አሳይቶ በ1972 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የፈላ ዘይት ለእንዲህ ያለ መመለሻ ጊዜ አይሰጥም። የወታደሩን ሥጋ በቁሙ መጥበስ ነው። ቁስል የሚድነው ደግሞ በዙሪያው ያሉት ሕያዋን ሴሎች ኮላጅን የሚባለውን እንደ ገመድ የጠነከረ ፕሮቲን እየፈተሉ ክፍተቱን ሲሞሉና፣ የቁስሉን ከንፈሮች እየጎተቱ ሲያቀራርቡ ነው። ጎታቾቹን ሴሎች በ1971 ጁሊዮ ጋቢያኒና ባልደረቦቹ ለይተው ገልጸዋቸዋል። ሴሎቹ ከተጠበሱ ማን ይፈትላል፣ ማንስ ይጎትታል?

ወደ ቱሪን እንመለስ። አንድ የወጥ ቤት ልጅ የጋለ ዘይት ያለበት ድስት ውስጥ ወድቆ ይቃጠላል። ፓሬ መድኃኒት ቤት ሄዶ የተለመደውን ማብረጃ ሲጠይቅ አንዲት የገጠር አሮጊት ሰምተው ጥሬ ሽንኩርት ከጨው ጋር ወቅጠህ አድርግበት አሉት። እሱም ንቆ አላለፋቸውም፤ ሞከረው። በማግስቱ ሽንኩርቱ የነካው ቦታ ውሃ አልቋጠረም፤ ሌላው ቋጥሯል። በዚህም አላበቃም። ቀጥሎ አንድ ጀርመናዊ ዘበኛ ባሩድ ፊቱ ላይ ነደደበትና ሲያመጡለት፣ ግማሽ ፊቱን በሽንኩርት፣ ግማሹን በተለመደው መድኃኒት አከመ። አሁንም የሽንኩርቱ ወገን ተሻለ። (ማንም ተነሥቶ የተቃጠለ ልጅ ላይ ሽንኩርት እንዳያደርግ! ለቃጠሎ የመጀመሪያው እርዳታ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።) እኔን የሚገርመኝ ሽንኩርቱ ሳይሆን ግማሽና ግማሽ ማድረጉ ነው። በአንድ ሰው ፊት ላይ ሁለቱን ማወዳደር! ሙከራ ሲባል ማወዳደሪያ ሊኖረው ይገባል የሚባለው ይኸው ነው።

ስለ ሰውዬው ሁሉንም ካልነገርን ደግሞ ትክክል አይሆንም። ቱሪን ውስጥ በቁስል ቅባቱ የታወቀ አንድ ሐኪም ነበረና ፓሬ ምሥጢሩን ለማግኘት ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠና። በመጨረሻ ሰውዬው ነገረው፤ አዲስ የተወለዱ ቡችሎች በአበባ ዘይት ተቀቅለው፣ የመሬት ትልና ተርፐንታይን ተጨምሮበት! ፓሬ ደስ ብሎት ተቀበለ፣ ከራሱ ቅባት ጋር ተመሳሰለለትና። የዘመኑ ሰው ነው፤ ከዘመኑ ሙሉ በሙሉ ሊወጣ አይችልም።

በ1545 ስለ ጥይት ቁስል አያያዝ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። የጻፈው በላቲን ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው በፈረንሳይኛ ነው። ሌላ ቋንቋ ስለማያውቅ ነው ይባል ይሆናል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ጦር ሜዳ ላይ ቁስል የሚያስሩት እንደ እሱ ያሉት ናቸው፤ እነሱ ካላነበቡት መጽሐፉ ለማን ሊጠቅም ነው?

በ1552 በዳንቪሌር ከበባ ላይ ሌላ ነገር አደረገ። እግር ወይም እጅ ሲቆረጥ ደሙን የሚያቆሙት በጋለ ብረት በመተኮስ ነበር። ፓሬ የደም ሥሩን ጫፍ ይዞ በክር ቋጠረው። የደም ሥርን በክር መቋጠር ጥንትም የታወቀ ነው፤ ለተቆረጠ እግር ማዋሉ ግን የእሱ ድፍረት ነው። እርግጥ ዘዴው ወዲያው አልተስፋፋም። ጊዜና ረዳት ይፈልጋል፤ ክሩም ንጹሕ ስላልነበር ብዙ ጊዜ ይመግላል። ጆሴፍ ሊስተር በ1860ዎቹ ጀርም ገዳይ መድኃኒት እስኪያስገባ ድረስ ሦስት መቶ ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

በዚያው ዓመት ዳግማዊ ሄንሪ ከንጉሡ ሐኪሞች ጋር ቀላቀለው። በ1553 ኤስዳን ላይ ተማረከ፤ የቆየ የእግር ቁስል ያሠቃየው የነበረውን የጠላት ሹም በማዳኑ ያለ ቤዛ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ አራት ነገሥታትን አገልግሏል። ዳግማዊ ሄንሪ በ1559 እንደ እኛ ጉግስ ባለ የፈረስ ጨዋታ የጦር ስንጣሪ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ሲሞት ፓሬ አጠገቡ ነበር፤ ሊያድነው ግን አልቻለም።

በቻርልስ ዘጠነኛ ዘመን የሆነውን ለመጻፍ እጄ አይታዘዝም፤ ቢሆንም ይጻፍ። ንጉሡ ከእንስሳ ሆድ የሚወጣ ቤዞአር የሚባል ድንጋይ ለመርዝ ሁሉ ማርከሻ ነው ተብሎ ተሰጠው። ፓሬ ለሁሉ መርዝ የሚሆን አንድ ማርከሻ የለም ብሎ ተከራከረ። ለማረጋገጥም ሁለት የብር ሳሕን ሰርቆ ስቅላት የተፈረደበት ወጥ ሠሪ፣ ከዳነ ነፃ ይወጣል ተብሎና ራሱም ተስማምቶ፣ መርዝ ጠጣ፤ ድንጋዩንም ዋጠ። ከሰዓታት ስቃይ በኋላ ሞተ። ፓሬ ትክክል ነበር። ለሁለት ሳሕን የሰው ነፍስ መክፈል ግን በማንኛውም ሚዛን ትክክል አይደለም።

በ1561 ፈረስ ረግጦት የገዛ እግሩ ተሰበረ፤ አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ወጣ። እንዲህ ያለ ስብራት ብዙውን ጊዜ በሞት ወይም በመቆረጥ ነበር የሚያበቃው። እሱ ግን የሚያክሙትን እየመራ ዳነና በእግሩ ቆመ። እግርና እጅ ለተቆረጡት ወታደሮችም የሚታጠፍ የብረት እጅና ሰው ሠራሽ እግር ሥዕሉን በመጽሐፉ አወጣ፤ አንዱን እጅ የሠራው የፓሪስ ቁልፍ ሠሪ ነው።

በ1575 ሥራዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ሲያሳትም የፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ ተነሣበት። አለቃው ኤቲየን ጉርሜለን፣ አንድ ላቲን የማያውቅ ፀጉር ቆራጭ ስለ ሕክምና እንዴት ይጽፋል የሚል ክስ ይዞ ቀረበ። ፓሬ በ1585 ስለ ክሩ ለተነሣው ነቀፋ መልስ ሲሰጥ፣ የዘመተባቸውን ጦርነቶች ሁሉ እየዘረዘረ በየቦታው ያየውን ተረከ። የሚያስቀው ደግሞ፣ የሌላ አገር ሐኪሞች እንዲያነቡት ያው መጽሐፍ በ1582 ወደ ላቲን ተተርጉሞ ነበር።

ፓሬ በታኅሣሥ 20 ቀን 1590 ፓሪስ ላይ አረፈ። ከተማዋ በዚያ ዓመት ተከባ ሕዝቡ በረሃብ አልቆ ነበር። ሰማንያ ዓመት የሞላው ሽማግሌ መንገድ ላይ የሊዮንን ሊቀ ጳጳስ አስቁሞ፣ ለሕዝቡ ሰላም እንዲያወርዱለት መለመኑን የከተማዋ ዜና መዋዕል ጸሐፊ መዝግቦታል። የተቀበረው በሳንት አንድሬ ዴዛር ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ የለም።