ክፉው ጆ ሆልና ባለቤት ያጣው ዋንጫ

ይህ ጽሑፍ ስለ በረዶ ሆኪ ተጫዋቹ ስለ ጆ ሆል ነው። ጨዋታው የእኛን የገና ጨዋታ ይመስላል፤ ግን እነሱ ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ነው የሚጫወቱት።

ሆል እንግሊዝ አገር ተወልዶ ካናዳ ያደገ ተከላካይ ነበር። በደመወዝ መጫወት አዲስ ነገር በነበረበት ጊዜ ሚሺጋን ውስጥ ለፖርቴጅ ሌክስ ተጫወተ። ከኩቤክ ቡድን ጋር እ.ኤ.አ. በ1912 እና በ1913 የስታንሊን ዋንጫ አገኘ። ስሙ የወጣው ግን በኃይለኛነቱ ነው፤ ክፉው ጆ ነበር የሚሉት። በ1918 ቶሮንቶ ላይ ከአልፍ ስኪነር ጋር በዱላ ተደባድበው ሁለቱንም ፖሊስ ያዛቸው። ለጨዋታ ብለው እኮ ነው!

በ1919 ከሞንትሪያል ካናዲያንስ ጋር ለዋንጫ ፍጻሜ ሲያትል ሄደ። በአምስት ግጥሚያ ሁለት ሁለት ተሸናንፈው አንዱን እኩል ወጡ። ያን ጊዜ፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ አዲስ አበባን በ1911 ዓ.ም. የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ የሞንትሪያልን ቡድን አልጋ ላይ ጣለው። ስድስተኛው ግጥሚያ ሰዓታት ሲቀሩት ተሰረዘ። ሞንትሪያሎች ዋንጫውን እንልቀቅላችሁ ቢሉም የሲያትሉ አሠልጣኝ ፒት ሙልዱን ከታመሙ ሰዎች ዋንጫ መውሰድን እምቢ አለ። በገዛ ከተማው፣ ደጋፊው እያየ! እኔ ከዋንጫው ይልቅ ይህን አከብራለሁ።

ሆል ኤፕሪል 5 ቀን 1919 እዚያው ሲያትል፣ ከቤቱ እንደራቀ፣ አርባ ዓመት ሳይሞላው በሳንባ ምች ሞተ። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ጆርጅ ኬኔዲም በደንብ ሳያገግም በ1921 አረፈ። የዚያ ዓመት ዋንጫ ለማንም አልተሰጠም። የሆል ስም በ1961 ከታላላቆቹ የሆኪ ተጫዋቾች መዝገብ ገባ።