ታላቁ ንጉሥ አልፍሬድ

እንግሊዝ አገር በብዙ መንግሥታት ተከፋፍላ በነበረችበት ዘመን፣ ዌሴክስ የሚባለውን ክፍል የገዛው አልፍሬድ ነው። የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ849 ዓ.ም. ገደማ ዋንቴጅ በተባለ ስፍራ ነው። ሦስት ታላላቅ ወንድሞቹ ተራ በተራ ነግሠው ከሞቱ በኋላ በ871 ዓ.ም. ዘውዱ ለእርሱ ደረሰ።

በዚያን ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጡ ዴኖች አገሩን ይዘርፉ፣ ገዳማትንም ያቃጥሉ ነበር። በ878 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል ቀጥሎ አለቃቸው ጉትሩም ድንገት ስለ ደረሰበት፣ አልፍሬድ ከጥቂት ተከታዮቹ ጋር አቴልኒ ወደሚባል ረግረግ ሸሸ። ነገር ግን ተስፋ አልቈረጠም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሠራዊት ሰብስቦ ኤዲንግተን ላይ ድል አደረገ። ጉትሩምንም አልገደለውም፤ አስጠምቆ ራሱ ክርስትና አነሣው። ከዚያም የተመሸጉ ከተሞችን ሠራ፣ ሕግም አወጣ።

እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የምናደንቀው የትምህርት ፍቅሩን ነው። በጦርነቱ ብዛት ትምህርት ስለ ጠፋ፣ ላቲን የሚያውቅ ካህን እንኳ በጣም ጥቂት ነበር። ስለዚህ ንጉሡ ሊቃውንትን ከዌልስና ከባሕር ማዶ አስመጣ፤ ራሱም ወደ አርባ ዓመት ሲጠጋ ላቲን ማንበብ ተማረ። ሕዝቡም በገዛ ቋንቋው እንዲያነብ መጻሕፍትን ወደ እንግሊዝኛ አስተረጐመ።

አልፍሬድ በ899 ዓ.ም. ዐርፎ በዊንቸስተር ተቀበረ። ከምሽጎቹ ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ በዘመኑ ከተጻፉት የትርጕም መጻሕፍት ግን አንዱ እስከ ዛሬ በኦክስፎርድ ተጠብቆ ይገኛል። ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎችም ይህን ስናስብ፣ ከእንግዲህ የመማሪያ ጊዜያችን አለፈ ልንል አይገባንም።