ከውጭ የተመለሱት የድሬዳዋ ነጋድራስ

ባሕር ማዶ ተምሮ የሚመለስ ሰው ለአገሩ ምን ይዞ ይምጣ? የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ሕይወት እንይ። በ1878 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ከምጽዋ በመርከብ ሄደው በኦስትሪያና በጀርመን ተማሩ። አውሮፓ መቅረት አላማራቸውም፤ ተመልሰው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ። በኋላም የባቡር ሐዲዱ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የዚህችው የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። በጽሑፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ከድኽነት እንደማይወጣ አስረዱ። በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ሞቱ፤ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። ታትሞ አላዩትም። እጩ መምህራን፣ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እኚህ የቀረጥና የንግድ ሹም የአገራቸውን መድኃኒት የፈለጉት ከትምህርት ነው። እንግዲህ አደራው የማን ሆነ? የእኛው ነዋ!