ሩቀያና የፈጠረቻቸው ሴቶች



በቀደም ከዒሻ ሶላት በኋላ ጀመዓው ተቀምጦ ሲጨዋወት አንድ ወንድማችን ልቦለድ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው የሚል ሐሳብ አነሳ። ያልተፈጠረ ሰው ያላደረገውን ነገር ማንበብ ለዱንያም ለአኺራም ምን ይጠቅማል ነው ነገሩ። አብዛኞቻችን የምህንድስና ተማሪዎች ስለሆንን በሐሳቡ ተስማማን። ከመጋረጃው ወዲያ ግን ከእህቶች በኩል አንዲት ወረቀት መጣች። ሩቀያ ሳኻዋት ሑሴንን ታውቋታላችሁ ወይ ትላለች። አናውቃትም ነበር። አፍረን ማንበብ ጀመርን፤ ያገኘነውም ይኸው።

ሩቀያ ሲባል ቀድማ የምትታወሰን ከዑስማን (ረ.ዐ) ጋር ወደ ሐበሻ ምድር የተሰደደችው የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ናት። የዛሬዋ ሩቀያ የቤንጋል ሰው ናት፤ አገሬው ሮኬያ ይላታል። እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ፣ ዛሬ ባንግላዴሽ በሆነው ክፍል፣ በራንግፑር አውራጃ ፓይራባንድ በምትባል መንደር ተወለደች። አባቷ ሰፊ መሬት የነበራቸውና ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ወንዶች ልጆቻቸውን ካልካታ ድረስ ልከው አስተማሩ። ሴቶቹ ቁርኣን ይቀራሉ፣ ጥቂት ኡርዱና ፋርሲ ይጨመርላቸዋል፣ በዚያው ያበቃል። ቤንጋሊ የባላባት ሙስሊም ቤት ቋንቋ አይደለም ተብሎ፣ እንግሊዝኛም ልብ ያበላሻል ተብሎ ለሴት ልጅ አይፈቀድም ነበር።

ግማሹን ቀን መድረሳ፣ ግማሹን የመንግሥት ትምህርት ቤት እየዋልን ያደግን ሰዎች ሁለት ዓለም በአንድ ጭንቅላት መያዝ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ግን እኛ ሁለቱንም በር በቀን ብርሃን ነው የገባነው። ሩቀያን እንግሊዝኛ ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ኢብራሂም ነው፤ ቤተሰቡ እንቅልፍ ሲወስደው ጠብቆ፣ ሌሊት፣ በሻማ። ታላቅ እህቷ ከሪሙኒሳም ቤንጋሊን እንድትወድ ያደረገቻት እርሷ ናት። በዚያ ቤት ፐርዳ የሚሉት ልማድ ከባድ ነበር። ሩቀያ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ከባዕድ ወንድ ብቻ ሳይሆን ከማታውቃት ሴት እንግዳም መደበቅ ነበረባት። ይህን ከሒጃብ ጋር እንዳናምታታው። እርሷም አላምታታችውም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ተሸፍና ነው የኖረችው፤ ቡርቃን ደግፋም ጽፋለች። የተዋጋችው ሴትን ቆልፎ የሃይማኖት ስም የሚሰጠውን ልማድ ነው።

ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ቢሃር ውስጥ ብሃገልፑር ለሚሠሩ ሰይድ ሳኻዋት ሑሴን ለሚባሉ የመንግሥት ሹም ተዳረች። ሰውየው በዕድሜ እጅግ የሚበልጧት፣ ሚስት የሞተችባቸው ነበሩ። ይህን ስናነብ ፊታችን መጨማደዱ አልቀረም። ነገር ግን እንድትጽፍ የገፋፏት፣ ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ይሆን ዘንድ 10,000 ሩፒ የለዩላት እኚሁ ባል ናቸው። ሁለት ሴት ልጆች ወልዳ ሁለቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት።

አንድ ጊዜ ባሏ ለሥራ ወጥተው ሳለ ጊዜ ለማሳለፍ በእንግሊዝኛ አጭር ታሪክ ጻፈች። ሲመለሱ ሳይቀመጡ ቆመው አንብበው ጨረሱትና አስፈሪ በቀል ነው አሏት። እ.ኤ.አ. በ1905 ማድራስ ይታተም በነበረ የሴቶች መጽሔት ላይ «የሱልጣና ሕልም» በሚል ርዕስ ወጣ።

ሱልጣና የምትባል ሴት መኝታ ክፍሏ ወንበር ላይ ሸለብ ያደርጋትና ሳራ የምትባል ሴት ይዛት ወደማታውቀው አገር ትወጣለች። በዚያ አገር ቤት የሚዘጋባቸው ወንዶች ናቸው። ሱልጣና የለመደችው ሆኖ መንገድ ላይ ትሽኮረመማለች፤ አላፊ አግዳሚዎቹ ሴቶች ወንድ ትመስላለች እያሉ ይስቁባታል። እዚያ ወንድ መምሰል ማለት ዓይን አፋር መሆን ነውና! እዚህ ቦታ ላይ ንባባችንን አቁመን ብዙ ተጨቃጨቅን። ሩቀያ ዓይን አፋርነት ከሴት ልጅ ጋር የተፈጠረ ነው የሚለውን ትልቅ ክርክር በጽሑፍ ብትገጥመው ኖሮ ማንም አይሰማትም ነበር። አንዲት የሌለች ሴት በአንድ የሌለ መንገድ ላይ አስሂዳ ግን ሰው የሚማረው ከሚኖርበት ቤት መሆኑን አሳየች። ስሟ ሱልጣና የሆነች ሴት፣ ከቤቷ ደጅ አልፋ የማታውቅ።

የዚያች አገር ንግሥት ሴቶች ልጆች ሁሉ እንዲማሩ፣ ከ21 ዓመት በፊትም እንዳይዳሩ አዛለች። ሁለት የሴቶች ዩኒቨርሲቲዎች ይፎካከራሉ፤ አንዱ ከደመና ውኃ የሚቀዳ ፊኛ ይሠራል፣ ሌላው የፀሐይን ሙቀት የሚያከማች መሣሪያ። የጦር ሰዎች የሆኑት ወንዶች በዚህ ይስቃሉ። ጦርነት ተነስቶ ወንዶቹ ሲሸነፉ ርዕሰ መምህርቷ ሁለት ሺህ ተማሪዎቿን አስከትላ ወጥታ የተከማቸውን ሙቀት ወደ ጠላት ታዞረዋለች፤ ጠላት ይሸሻል። ከዚያ ወዲያ ማብሰያው በፀሐይ፣ እርሻው በኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ በአካባቢዋ ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ሳይንስ ክፍል ገብታ የማታውቅ ሴት ይህን አሰበች። እኛ የፀሐይ ኃይል ኮርስ ወስደን ፈተናውን በጭንቅ ነው ያለፍነው።

ሳራ አንድ ስሌትም ትሠራለች፦ አንድ ወንድ በቀን አሥራ ሁለት ሲጋራ ቢያጨስ፣ አንዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ፣ ስድስት ሰዓት ጠፋ። በሲጋራው ፋንታ ጫትን አስገብተን ያገኘነውን ውጤት አንናገርም።

ወንድን መቆለፍ ፍትሕ ነው ብለን አንቀበልም፤ ሩቀያም መፍትሔ አድርጋ ያቀረበችው አይመስለንም። መስተዋት ነው። በሌላ በኩል በወጣትነቷ የጻፈችው አንድ ጽሑፍ ስለ ሃይማኖት መጻሕፍት የተናገረው ቁጣ ቀስቅሶ በመጽሐፍ ሲወጣ አንቀጾች ተቀንሰውበታል። በዚያ ከእርሷ ጋር አንስማማም፤ ሸፍኖ ማለፍ ግን አማና ማጉደል መሰለን።

እ.ኤ.አ. በ1909 ባሏ ሞቱ። በዚያው ዓመት ብሃገልፑር ውስጥ በአምስት ተማሪዎች ትምህርት ቤት ከፈተች። በውርስ ነገር ከባሏ ልጅ ወገን ጋር ስላልተስማሙ ከተማውን ለቃ ካልካታ ገባች፤ በ1911 በስምንት ልጆች እንደገና ጀመረች። ልጆቻችሁን ስጡኝ እያለች በየቤቱ ዞረች። ቁርኣን ከነትርጉሙ እንዲማሩ ትወተውት ነበር። ወላጆች ፐርዳ ይጠበቅ ስላሉ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ድፍን ሆኖ ተሠራ፤ ልጆቹ በሙቀት ራሳቸውን ሳቱ፣ አስታወኩ። መስኮቱ ተከፍቶ መጋረጃ ሲደረግለት ደግሞ መጋረጃው በነፋስ ይገለጣል የሚል የዛቻ ደብዳቤ ጎረፈላት። እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጣችው መጽሐፍ ይህንና መሰሎቹን 47 እውነተኛ ታሪኮች ሰብስባለች። በአንዱ፣ ቡርቃዋ ጠልፏት ባቡር ሥር የወደቀችን ሴት ወንዶች ሊያወጧት ሲሉ አገልጋይዋ ባዕድ ወንድ አይነካትም ብላ ትከለክላለች። ባቡሩ ሄደ፤ ሴትየዋም ሞተች።

በ1924 ያሳተመችው «ፓድማራግ» የተሰኘው ልቦለዷ ከሱልጣና ሕልም በጣም ይለያል። በዚህኛው ማንም አይቆለፍም፣ ማንም አይሸነፍም። ታሪኒ ባቫን በሚባል ቤት ሙስሊም፣ ሂንዱ፣ ክርስቲያንና ብራህሞ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ፣ ያስተምራሉ፣ በሽተኛ ያስታምማሉ። ሄለን የምትባለው እንግሊዛዊት ባሏ አብዶ ሳለ የአገሯ ሕግ ፍቺ ይነፍጋታል። እኛ ኹልዕ አለን ብለን ልንኩራራ ስንል ሙስሊሞቹ ሴቶችም እዚያው ቤት ተጠልለው አገኘናቸው። ዋናዋ ሲዲቃ ኒካሕ ታስሮላት ሳለ የወንዱ ወገን ንብረት ጠይቆ ወንድሟ እምቢ ስላለ የተተወች ናት። ከዓመታት በኋላ ቆስሎ የመጣ ላጢፍ የሚባል ሰው ታስታምማለች፤ ይዋደዳሉ፤ ያ ባሏ እርሱ መሆኑ ይታወቃል። ተመለሽልኝ ይላታል። ትወደዋለች፤ ግን አትመለስም። ጀመዓችን እዚህ ላይ ለሁለት ተከፈለ፤ እስካሁንም አልታረቀም።

በሁለቱ መጻሕፍት መካከል 19 ዓመት አለ። የመጀመሪያውን የጻፈችው ቤቷ ተቀምጣ የምታልም ወጣት ሚስት ናት። ሁለተኛውን ያሳተመችው ባል የሞተባት፣ አውቶቡስ የምታስጠግን፣ ክፍያ ያጓደለ ወላጅ የምትለምን ርዕሰ መምህርት ናት። በመጀመሪያው ሱልጣና ስትነቃ ያው ወንበሯ ላይ ናት። ሲዲቃ ግን የነቃች ሆና ነው የምትሄደው።

ሩቀያ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1932 ንጋት ላይ ካልካታ ውስጥ ወደ አኺራ ሄደች፤ አላህ ይዘንላት። ሌሊቱን ስለ ሴቶች መብት ስትጽፍ አምሽታ ነበር፤ ያልተጨረሰው ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ተገኘ። በስምንት ልጆች የጀመረችው ትምህርት ቤት ዛሬም በባሏ ስም ካልካታ ውስጥ ያስተምራል።