ኢሊያ ሜችኒኮፍና የሰውነት ዘበኞች

ነገ ሸዋ ሮቢት ወይም ሌላ የይፋት ቆላ ብንመደብ፣ የገበሬ ልጅ ተነሥቶ በዓሣ ኩሬ ውስጥ ባክቴሪያ ሁልጊዜ ካለ ዓሣዎቹ ለምን አያልቁም ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልስለታለን? መልሱን ከአንድ ሳይንቲስት ሕይወት እናገኘዋለን። (ዘመናቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢሊያ ሜችኒኮፍ በ1845 ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፣ በካርኮፍ አካባቢ ተወለደ። የአራት ዓመቱን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በሁለት ዓመት ጨርሶ፣ ኋላ በኦዴሳ አስተማሪ ሆነ። ኑሮው ግን አልቀናውም። በ1873 ባለቤቱ ሉድሚላ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ሐዘኑ ቢከብደው ሕይወቱን ሊያጠፋ ሞክሮ ተረፈ። ሁለተኛ ሚስቱ ኦልጋም በታይፎይድ ለሞት ደርሳ ነበር። በ1881 ደግሞ የግርሻ በሽተኛ ደም ራሱን ወጋ። ይህ እኛም አገር በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ነው። በጠና ታሞ ዳነ።

በ1882 በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ ተቀምጦ ሳለ አንድ ቀን ቤተሰቡ ሰርከስ ሊያይ ሄደ። እሱ ማይክሮስኮፑ ዘንድ ቀረ። የሚመለከተው የባሕር ኮከብ እጭ ነበር፤ ገላዋ እንደ መስተዋት ስለሚያሳይ ውስጧ ይታያል። ከጓሮ እሾህ አምጥቶ ወጋት። በማግሥቱ ማለዳ ቢያይ፣ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውታል! እነዚህ ሴሎች ጀርም ውጠው የሚፈጩ ዘበኞች መሆናቸውን አስተማረ፤ ፋጎሳይት ተባሉ።

ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ መከላከያው በደም ፈሳሽ ውስጥ ነው አሉ። ከ1888 ጀምሮ በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሠራ ኖረ። በ1908 የኖቤል ሽልማት ለእሱና የፈሳሹን ወገን ለደገፈው ለፓውል ኤርሊኽ በአንድነት ተሰጠ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሜችኒኮፍ በ1916 ፓሪስ ላይ አረፈ።

እንግዲህ ለልጁ እንዲህ እንለዋለን። ቆሮሶ ዓሣም ዘበኛ ሴሎች አሉት፤ በደሙ መከላከያ አለ፤ የቆዳው ልጋግም ጀርም ያግዳል። ኤሮሞናስ የተባለው ባክቴሪያ በውኃ ውስጥ ኖሮ የሚያጠቃው ዘበኛው ሲደክም ነው። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ነገር ግን ውኃ ሲሞቅ ኦክስጅኑ ያንሳል። በዚያ ላይ ዓሣው ከተፋፈገና የተረፈ መኖ ከበሰበሰ መከላከያው ይዳከማል፣ ገላው ይቆስላል፣ ሆዱ ይነፋል። ስለዚህ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ቦታ እናስፋለት፣ ውኃውን እንለውጥለት።

ሁለት ጊዜ ከሞት አፋፍ የተመለሰው ሰው፣ ሕይወት ራሷን እንዴት እንደምትከላከል አሳየን። ይህንንም ለልጁ መንገር አንርሳ።