ይድነቃቸው ተሰማ፦ ደካማ የተባለው ቡድን ወደፊት እንዲገፋ ያደረጉ አሰልጣኝ

ዓባይ ከጎጃም በረሃ ወርዶ ግብጽ ይደርሳል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ግን ግብጽ ራሷ ወደ ዓባይ ሀገር መጥታ ነበር፤ በአዲስ አበባ የአፍሪካ ዋንጫን የፍጻሜ ጨዋታ ከኢትዮጵያ ጋር ልታደርግ። ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለተኛው ቀን ነው። ግብጽ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች ወስዳለች፤ ኢትዮጵያንም በ1949 ዓ.ም በካርቱም፣ በ1951 ዓ.ም በካይሮ 4 ለ 0 አሸንፋለች። የተሸናፊው ቡድን አሰልጣኝ ሆነው የቀረቡት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ይድነቃቸው በዘመን መለወጫ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ስመ ጥሩው ባለቅኔና ድምፃዊ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአጥቂነት ተጫወቱ። ከድል በኋላ ክለቡ ይገጥማቸው የነበሩት የጣሊያን፣ የግሪክና የአርመን ማኅበረሰብ እንዲሁም የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድኖች ነበሩ። በልምድ የሚበልጥን መግጠም ለይድነቃቸው ከወጣትነት የተለመደ ነው።

በፍጻሜው ጨዋታ ግብጽ በ35ኛው ደቂቃ ቀደመች። በ74ኛው ደቂቃ ተክሌ ኪዳነ አቻ ቢያደርግም፣ ግብጽ በ75ኛው ደቂቃ መልሳ መራች። ሁለት ጊዜ በአራት ጎል ለተረታ ቡድን 2 ለ 1 መሸነፍ የማያሳፍር ውጤት ነበር። ሆኖም ኢትዮጵያ ያንን አልመረጠችም። ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ።

ተጨማሪው 30 ደቂቃ የትንፋሽ ፈተና ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ቀጭኑ አየር ያልለመደውን እንግዳ ያደክማል። ወደ ኋላ ተሰብስቦ መከላከል ለደከመ ተጋጣሚ እረፍት መስጠት ነው። በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጠሩ። አራት ጎል ስትቀበል የኖረች ሀገር አራት አስቆጥራ ዋንጫውን ወሰደች።

ይድነቃቸው ይህንኑ መንገድ ወደ ጉባኤ አዳራሽም ወሰዱት። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። እ.አ.አ ለ1966 የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ አንድ ቦታ ብቻ በተመደበ ጊዜ፣ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ተቃውሞውን ከመሩት መካከል ሆኑ። የአፍሪካ ሀገራት ራሳቸውን ከውድድሩ አገለሉ፤ እ.አ.አ ከ1970 ጀምሮም አህጉሪቱ የራሷን ቦታ አገኘች። ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ፣ የዘር መድልዎ የሚያራምደው የደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ወደ እግር ኳሱ እንዳይመለስ እስከ መጨረሻው ታግለዋል።

ይድነቃቸው በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም አረፉ። ኢትዮጵያ ከ1954 ዓ.ም ወዲህ የአፍሪካን ዋንጫ ዳግም አላነሣችም። ከብቸናም ሆነ ከሞጣ ተነሥቶ የትልቅ ከተማ ቡድን ለሚገጥም ወጣት የዚያ ቀን ትምህርት ዛሬም ያገለግላል፦ የበለጠህን ተጋጣሚ ጎልህ ሥር ቆመህ አትጠብቀው፤ ሲደክም ወደ እርሱ ሂድ።